በሌለበት የሚታየው ተጫዋች

እሁድ መስከረም 12 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከምሽቱ 12፡30። ሲቲ ከአርሰናል ነው። እንዲህ ባለው ቀን በአዲስ አበባ ዲኤስቲቪ ቤቶች ወንበር አይገኝም፤ ዘግይቶ የመጣ ግድግዳ ተደግፎ ያያል፣ ሻይ የምታዞረው ልጅ ትሪዋን ከራስ በላይ አንስታ በሰው ጉልበት መሀል ትሽሎከለካለች። አስር ደቂቃ ሳይሞላ ሃላንድ አገባ። ጥቂቶቹ የሲቲ ደጋፊዎች ከቁጥራቸው በላይ ጮኹ፤ የመድፈኞቹ የአርሰናል ደጋፊዎች አንገታቸውን ደፉ።

ቀጥሎ የሆነውን ብዙ ሰው ልብ አላለውም። ሲቲ የማዕዘን ምት ሊያሻማ ሲል ሮድሪ ከቶማስ ፓርቴይ ጋር ተገፋፋና ወደቀ። ጉልበቱን ይዞ ቀረ። ሐኪም ገባ፤ ሃያ አንደኛው ደቂቃ ላይ ኮቫቺች ተተካለት። ወዲያው የአርሰናሉ ካላፊዮሪ ከሳጥኑ ውጪ አክርሮ መትቶ አንድ ለአንድ ሲያደርግ የሮድሪ ነገር ተረሳ። ከዚያ የጋብሬል ጎል መጣ፣ የትሮሳርድ ቀይ ካርድ መጣ፣ በባከነ ሰዓት የስቶንስ አቻ ማድረጊያ መጣ። ሰው ከዲኤስቲቪ ቤት ሲወጣ የሚነታረከው በዳኛው ነበር።

የሮድሪ የጉልበት ጅማት ተበጥሶ ነበር። ከዚያ በፊት፣ እስከ እ.ኤ.አ. ግንቦት 2024 ድረስ፣ ሲቲ ሮድሪ በተሰለፈባቸው 74 ተከታታይ ጨዋታዎች፣ በመለያ ምት የተሸነፋቸው ሳይቆጠሩ፣ ሽንፈት አልቀመሰም። ከጥቅምት መጨረሻ ጀምሮ ግን ያው ክለብ፣ በያው አሰልጣኝ፣ በያው ሃላንድ፣ በአስራ ሦስት ጨዋታ አንድ ብቻ አሸነፈ። ለአራት ተከታታይ ዓመታት የያዘውን ዋንጫ ለሊቨርፑል አስረክቦ ሦስተኛ ሆነ። ሮድሪ ክራንች ይዞ ፓሪስ ላይ ባሎን ዶር የተቀበለው በጉዳቱ በአምስተኛው ሳምንት ነው።

ትልቅ ውል የሚገባው ማን ነው? በየዓመቱ የዝውውር መስኮት ሲከፈት ይህ ጥያቄ ከክለብ ቢሮ እስከ ታክሲ ተራ ይነሳል። መልሱ ላይ ሁሉም እርግጠኛ ነው፤ በተለይ የማይከፍለው። የሮድሪ ታሪክ ግን የብዙዎቻችንን መለኪያ ያጋልጣል። ብዙውን ጊዜ የምንቆጥረው ተጫዋቹ ሲኖር ያደረገውን ነው፤ የሚከፈልበት ነገር ያለው ግን ሲጎድል ቡድኑ የሚሆነው ላይ ነው።

ጎል ይታያል፣ ፍርሃት ይፈርማል

የአርሰናል ደጋፊ ይህን ምዕራፍ ማንበብ ላይፈልግ ይችላል።

በመጀመሪያ ግን ወደ ኋላ ሄድ እንበል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1995 የአውሮፓ ፍርድ ቤት ዣን ማርክ ቦስማን በሚባል ቤልጂጋዊ ተጫዋች ጉዳይ ውሳኔ ሰጠ፤ ውሉ ያለቀ ተጫዋች ያለ ዝውውር ክፍያ ወደፈለገበት መሄድ ይችላል ተባለ። ከዚያ በፊት ውሉ ቢያልቅም ክለቡ ገንዘብ ካልተከፈለው አይለቅም ነበር። ከዚያ በኋላ ግን የውል የመጨረሻ ዓመት ማለት ሥልጣን ከክለቡ እጅ ወጥቶ ወደ ተጫዋቹና ወደ ወኪሉ የሚያልፍበት ጊዜ ሆነ። ዛሬ የምንሰማቸው ትልልቅ ውሎች ሲሶ ያህሉ የችሎታ፣ የቀረው የሰዓት ጨዋታ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

እ.ኤ.አ. በጥር 2018 አርሰናል ሁለት ኮከቦቹ፣ አሌክሲስ ሳንቼዝና ሜሱት ኦዚል፣ ውላቸው ሊያልቅ ወራት ቀርቷቸው ነበር። ሳንቼዝ በሚኪታሪያን ተለውጦ ማንችስተር ዩናይትድ ገባ፤ ፒያኖ እየመታ የተቀረፀው የማስተዋወቂያ ቪዲዮ ዛሬም ድረስ መቀለጃ ነው። አንዱን ያጣ ክለብ ሁለተኛውን ማጣት አልደፈረም። ኦዚል በሳምንት 350 ሺህ ፓውንድ የሚያስገኝ እንደሆነ በሰፊው የተዘገበለትን ውል በቀናት ልዩነት ፈረመ። ሳንቼዝ በዩናይትድ ማሊያ 45 ጊዜ ተሰልፎ አምስት ጎል አገባ። ኦዚል ደግሞ ከመጋቢት 2020 በኋላ ለአርሰናል አንድም ጨዋታ ሳይጫወት፣ ደመወዙን እየወሰደ ቆይቶ በዓመቱ ወደ ፌነርባቼ ሄደ።

ኦዚል መጥፎ ተጫዋች ነበር የሚል ካለ እኔ ከዚያ ሰው ጋር ኳስ አላወራም። ነገሩ ሌላ ነው። ክለቡ ያንን ውል ሲሰጥ የጠየቀው «ይህ ሰው ለሚመጡት ሦስት ዓመታት ምን ይጨምርልናል?» ብሎ ሳይሆን «ይህም ከሄደ ደጋፊ ምን ይለናል?» ብሎ ይመስላል።

የኦባሜያንግ ተራ ሲደርስም ያው ዜማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019/20 በሊጉ 22 ጎል አገባ፤ በኤፍኤ ካፕ ግማሽ ፍጻሜ ሲቲ ላይ፣ በፍጻሜው ቼልሲ ላይ ሁለት ሁለት ጎል አግብቶ ዋንጫውን ብቻውን አመጣው ማለት ይቻላል። ደጋፊው «አስፈርሙት!» እያለ ቀንና ሌሊት ጮኸ። በመስከረም 2020 የሦስት ዓመት ውል ፈረመ፤ ዕድሜው 31 ነበር። በቀጣዩ ዓመት የሊግ ጎሉ አስር ላይ ቆመ። በታኅሣሥ 2021 በሥነ ምግባር ጉድለት የአምበልነት ማዕረጉን ተነጠቀ፣ ከሁለት ወር በኋላ በነፃ ባርሴሎና ገባ።

*ክለቦች የሚከፍሉት ለትናንት ነው፤ ኳሱን የሚፈልጉት ግን ነገ ነው።*

አባቱን፣ ጠበቃውንና ጥናቱን ይዞ የመጣው

ኬቨን ደ ብሩይነ እ.ኤ.አ. በ2021 ከማንችስተር ሲቲ ጋር ውሉን ሊያድስ ሲቀመጥ ወኪል አልነበረውም። አብረውት የነበሩት አባቱና የሕግ ሰዎች ናቸው። ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጠው ደግሞ በመረጃ ተንታኞች ያሠራውን ጥናት ነው፦ በቡድኑ ውስጥ ያለው ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ፣ በዙሪያው ያለው ቡድንስ በሚቀጥሉት ዓመታት ለዋንጫ የሚበቃ መሆን አለመሆኑን የሚያሳይ። እስከ 2025 የሚያቆየውን ውል ፈረመ። የወኪሎች ማኅበረሰብ ይህን ዜና በደስታ ተቀብሎታል ለማለት ይከብዳል።

ክለቦቹም ከዚያ ቀደም ብለው ጀምረዋል። ሊቨርፑል የምርምር ክፍሉን እንዲመራ ያደረገው ኢያን ግርሃምን ነው፤ የፊዚክስ ዶክተር እንጂ የቀድሞ ተጫዋች አይደለም። ሥራው በቀላሉ ሲገለጽ እንዲህ ነው። ኳስ ሜዳው ላይ በየትኛውም ቦታ ስትሆን ወደ ጎል የመቀየር ዕድል አላት፤ በራስ ሳጥን ደጃፍ ዕድሉ ኢምንት ነው፣ በተጋጣሚ ሳጥን ውስጥ ከፍ ይላል። አንድ ተጫዋች ኳሷን ተቀብሎ ሲያሳልፍ ያንን ዕድል ወይ ጨመረው ወይ ቀነሰው። ጎሉን ያገባው ሳይሆን፣ ከጎሉ ሦስት ቅብብል በፊት በሁለት አማካዮች መሀል ቀጭን ኳስ ያሾለከው ልጅ ትልቁን ድርሻ ሊይዝ ይችላል። እኛ በዲኤስቲቪ ቤት የማናጨበጭብለት ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2017 ሳላህን ከሮማ ያመጣው እንዲህ ያለው ሥራ ነው። በቼልሲ ያልተሳካለት ልጅ ተብሎ ስሙ በእንግሊዝ ደብዝዞ ነበር፤ ቁጥሮቹ ግን ሌላ ነገር ይናገሩ ነበር።

ያም ሆኖ የዚህ ስሌት ድክመት የታወቀ ነው። ኮምፒውተሩ በአብዛኛው የሚቆጥረው የተነካችውን ኳስ ነው። የተከላካይ ትልቁ ሥራ ደግሞ ያልሆነ ነገር ነው፦ አጥቂው ያልሞከረው ሩጫ፣ አማካዩ ያልደፈረው ቅብብል። ቨርጂል ቫን ዳይክ አጠገብ ቆሞ ስለነበር ብቻ ወደ ሌላ ጥግ የሄደችን ኳስ ማን ይመዘግባታል? የቀድሞ ተከላካዮች ስለዚህ ነገር ሲጠየቁ ትዕግስታቸው ያልቃል። ሸርተቴ የሚያበዛ ተከላካይ መጀመሪያውኑ የቆመበት ቦታ የተሳሳተ ነው ይላሉ፤ ቁጥሩ ግን ሸርተቴውን ቆጥሮ ያመሰግነዋል።

ቫን ዳይክ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2020 ከኤቨርተን ጋር ሲጫወቱ ከፒክፎርድ ጋር ተጋጭቶ ጉልበቱ ተጎዳ፤ የውድድር ዓመቱ በዚያው አለቀበት። የሊጉ ሻምፒዮን የነበረው ሊቨርፑል በአውሮፓ ክረምት አንፊልድ ላይ ስድስት ተከታታይ ጨዋታ ተሸነፈ። እውነት ለመናገር ጎሜዝና ማቲፕም ተጎድተው ስለነበር ዕዳውን በሙሉ በአንድ ሰው ጉልበት ላይ መጫን አይቻልም። በእግር ኳስ ንጹሕ ፈተና የሚባል ነገር የለም፤ አንድ ሰው ሲጎድል ሌላውም አይረጋም። ግን ምሰሶው የትኛው እንደሆነ ጣሪያው ሲዘነበል ይታወቃል።

የሳላህ ፊርማዎች

የዚህ ዘመን ትልቁ የውል ክርክር ሳላህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ሲመጣ የሰጡትን ትተን፣ በ2022 ሠላሳኛ ዓመቱን በያዘ ሰሞን የፈረመው የሦስት ዓመት ውል የክለቡን የደመወዝ ጣሪያ የሰበረ ነበር። የሊቨርፑል ባለቤቶች ዕድሜው ለገፋ ተጫዋች ረጅም ውል ባለመስጠት ይታወቃሉ፤ ለእሱ ግን እጃቸውን ዘረጉ። ድርድሩን የመራው ወኪሉ ራሚ አባስ ነው፤ ነገሩ የሃርቫርድ ቢዝነስ ትምህርት ቤት መማሪያ እስከመሆን ደረሰ።

ያ ውል ሊያልቅ ሲል ደግሞ በ2024/25 ያሳየው ብቃት የማይታመን ነበር፦ በሊጉ 29 ጎል አግብቶ 18 ለጎል አመቻቸ። 38 ጨዋታ ባለው የውድድር ዓመት እንዲህ በብዙ ጎል ላይ እጁን ያሳረፈ በፕሪሚየር ሊግ ታሪክ የለም። ሚያዝያ ላይ ሁለት ዓመት ተጨመረለት። ዕድሜው 32 ነበር። ያኔ «አይገባውም» ያለ ሰው ቢኖር ድምፁ አልተሰማም፤ እኔም ብሆን ክለቡን አልወቅስም።

ፊርማው ዓመት ሳይሞላው፣ በታኅሣሥ 2025 መጀመሪያ፣ ሳላህ ሊድስ ላይ ዘጠናውን ደቂቃ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ጨረሰው፤ ከጨዋታው በኋላም ከአሰልጣኙ ጋር የነበረው ግንኙነት እንደተበላሸ ለጋዜጠኞች ተናገረ። ቡድኑ በመኸሩ ተከታታይ ሽንፈት ውስጥ ገብቶ ነበር።

ምን ተለወጠ? አንዱ መልስ ዕድሜ ነው፤ በክንፍ የሚሮጥ አጥቂ ከሠላሳ በኋላ የመጀመሪያ ሦስት እርምጃው ይከዳዋል። ሌላው ግን ብዙ የማይወራው ነው። ለዓመታት ከኋላው ሆኖ ኳስ ሲመግበው የኖረው ትሬንት አሌክሳንደር አርኖልድ በዚያው ዓመት በአውሮፓ በጋ ሪያል ማድሪድ ገብቷል። በዚያ ላይ ዲዮጎ ጆታ በሐምሌ መጀመሪያ በመኪና አደጋ አረፈ። ቡድን እንዲህ ያለ ሐዘን ይዞ ሲጫወት የሚሆነውን የሚያሰላ ማሽን የለም፤ ባይኖርም ይሻላል።

የተጫዋች ተፅዕኖ እንደ ጫማ ቦርሳ ተይዞ የሚዞር የግል ዕቃ ተደርጎ ይታሰባል። ሳላህ 29 ጎል ያገባው ግን በቀኝ መስመር፣ ከትሬንት ፊት፣ ከሶቦዝላይ አጠገብ፣ ከመከላከል ግዴታ ቀለል እንዲልለት በተሠራ ቡድን ውስጥ ነው። ውሉ የተፈረመው ከአንድ ሰው ጋር ነበር፤ ያንን ዓመት የሠራው ግን ዝምድናው ነው።

*ክለቡ ሰውየውን አስፈረመ፤ በዙሪያው የነበረውን አላስፈረመም።*

የመልበሻ ክፍሉ ሂሳብ

በእንግሊዝ እስከ 1961 ድረስ ለተጫዋች የሚከፈል ከፍተኛ ደመወዝ በሳምንት 20 ፓውንድ ነበር። የተጫዋቾች ማኅበር በጂሚ ሂል መሪነት ሥራ አቆማለሁ ብሎ አስፈራርቶ ጣሪያው ተነሳ፤ ፉልሃም ለጆኒ ሄይንስ ወዲያው 100 ፓውንድ ሰጠ። ከዚያ ወዲህ ጣሪያ የለም ማለት ነው፤ ወሰን ግን አለ። የፕሪሚየር ሊጉ ሕግ አንድ ክለብ በሦስት ዓመት ከ105 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ እንዳይከስር ሲከለክል ቆይቷል። የአውሮፓው ማኅበር ዩኤፋ ደግሞ የቡድን ወጪ ከገቢው ከመቶ 70 እንዳይበልጥ ይላል። ቼልሲ ለሙድሪክና ለኤንዞ ፈርናንዴዝ የስምንት ዓመት ተኩል ውል የሰጠው የዝውውር ዋጋውን በዓመታት ብዛት አካፍሎ ለማቅለል ነበር፤ ዋጋው ከአምስት ዓመት በላይ እንዳይካፈል ተወስኖ ያቺ ቀዳዳ ተደፈነች።

ስለዚህ ለአንዱ የሚጨመረው ከሌላው ይቀነሳል። በመልበሻ ክፍል ደግሞ ምስጢር የለም። ትልቁ ደመወዝ በታወቀ ማግስት የሌሎቹ ወኪሎች ስልክ መደወል ይጀምራሉ፤ «የኔ ልጅ ከእሱ በምን ያንሳል?» ነው ነገሩ። የክለብ ኃላፊዎች ሲያወሩ የሚሰማው ትልቁ ሥጋት የአንድ ተጫዋች ውድነት አይደለም። ያ ተጫዋች ከወረደ በኋላ መሸጥ አለመቻሉ ነው፤ የሚገዛው ክለብ ያንን ደመወዝ አይከፍልም፣ እሱም ቀንሶ አይሄድም። ልጁ ምን አጠፋ? የፈረመለትን ወረቀት እያስከበረ ነው።

እዚህስ?

የኢትዮጵያ ሊግ ውስጥ ጥያቄው ያው ሆኖ መልሱን የሚፈልጉበት መንገድ ይለያል። በነሐሴ 2011 ዓ.ም. ክለቦችና ፌዴሬሽኑ ተሰብስበው የአንድ ተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ተስማሙ። ምክንያቱ ግልጽ ነበር፤ አብዛኛው ክለብ የሚኖረው በከተማ አስተዳደርና በመንግሥት ድርጅት በጀት እንጂ በትኬትና በማሊያ ሽያጭ አይደለም፤ ደመወዝ ግን በየዓመቱ ይንር ነበር። ጣሪያው ወጣ። በኳሱ ዙሪያ ያለ ሰው ሁሉ የሚያወራው ግን ቀሪው በሌላ በር፣ በፊርማ ስም፣ መግባቱን ነው። ጣሪያ ስንት መክፈል እንደሚቻል ይናገራል፤ ለማን እንደሚገባ አይናገርም።

በ2013 ዓ.ም. የውድድር ዓመት የኢትዮጵያ ቡናው አቡበከር ናስር 29 ጎል አግብቶ የሊጉን ሪከርድ ሰበረ። ሊጉ በሱፐርስፖርት መታየት የጀመረበት ዓመት ስለነበር ሀገር ሁሉ አየው፤ በ2014 ደቡብ አፍሪካ፣ ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ገባ፤ እዚያ ጉዳት ሲመላለስበት ቆየ። ዝናው ይገባዋል፣ ክፍያውም እንደዚያው። ግን የዚያ ዓመት ሻምፒዮን ቡና አልነበረም፤ ፋሲል ከነማ ነው፣ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ። የቡናን 29 ጎል ልጅ በቃሉ የሚጠራውን ሁሉ የፋሲልን ዋንጫ መሀል ሜዳ ላይ ማን እንደያዘው ጠይቁት፤ ብዙው ያስባል።

የማን መጉደል ቡድኑን እንደሚጎዳ ለማወቅ የፊዚክስ ዶክተር አያስፈልግም። ጨዋታዎቹ ተቀርፀዋል። እያንዳንዱ ተጫዋች በተሰለፈበትና ባልተሰለፈበት ቡድኑ ምን እንደሠራ፣ ስንት እንደተቆጠረበት፣ በየትኛው መስመር እንደተጠቃ የሚጽፍ አንድ ረዳት አሰልጣኝና አንድ ደብተር ይበቃል። እንዲህ ያለ ደብተር የሚይዙ አሰልጣኞችም አሉ። ከእነዚህ አንዳንዶቹ «ማንን እናቆይ?» ሲባሉ አጥቂውን አይጠሩም፤ ማንም ቃለ መጠይቅ አድርጎለት የማያውቀውን የቀኝ ተከላካይ ይጠራሉ።

ችግሩ የቀን መቁጠሪያው ነው። የአብዛኛው ተጫዋች ውል የአንድ ወይም የሁለት ዓመት ነው፤ ሊጉ ሲያልቅ አብሮ ያልቃል። ውጤት ያላማረው ክለብ ደግሞ መጀመሪያ የሚያሰናብተው አሰልጣኙን ነው፤ ደብተሩም አብሮት ይሄዳል። ክረምቱ ሲገባ ቦርዱ ተሰብስቦ አዲስ አሰልጣኝ ይቀጥራል። አዲሱ አሰልጣኝ ቡድኑን የሚያውቀው በቴሌቪዥን ስለሆነ መጀመሪያ የሚጠይቀው ያንን ጎል ያገባውን ልጅ ነው፤ የልጁ ወኪልም ይህን አውቆ ዋጋውን አንድ ሳምንት ቀድሞ ሰቅሎታል። የቀኝ ተከላካዩ ማንም ስላልደወለለት እስከዚያ ሌላ ክለብ ፈርሟል፤ በአነስተኛ ዋጋ።